መስታወቱ ላይ ያለው ስም

«ሂዳያ፣ ያ የአባትሽ መኪና አይደለም እንዴ?» አለች እድላዊት በአገጯ እየጠቆመች።

ሂዳያ ዞር ብላ አየች። ነው። ውጫሌ መናኸሪያ ጥግ ላይ የቆመውን ነጭ ሚኒባስ ከሩቅም ታውቀዋለች፤ በሩ ላይ ያለው የድሮ ጭረት እንኳ አልጠፋም። አዲስ የሆነባት ሌላ ነገር ነው። የኋላ መስታወቱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በደማቅ ቀይ ስቲከር «ሪታጅ» የሚል ስም ተለጥፏል። ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ አበባ አለ። አበባ!

«ሪታጅ ማናት?»

«የአባቴ ልጅ» አለች ሂዳያ። እህቴ ማለት ትችል ነበር፤ ግን ከአፏ አልወጣላትም።

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ! አባትሽ መኪና ገዙ ማለት ነው። ቅጥር ሹፌር አልነበሩም እንዴ? ሰው እኮ በሰው መኪና ላይ የልጁን ስም አይለጥፍም። አጎቴ የኔን ስም የለጠፈው ባጃጁን የገዛ ዕለት ነው።»

እድላዊት ክፋት የላትም፤ አፏ ብቻ ነው የሚቀድማት። ሁለቱም ለትምህርት ቤታቸው መረብ ኳስ ሊጫወቱ ከሐይቅ መጥተው፣ ተሸንፈው፣ ወደ ቤት መመለሻ ትራንስፖርት እየፈለጉ ነበር። ሂዳያ ግን ሽንፈቱንም ረሳችው። የገዛ ስሟ ከደብተር ሽፋን አልፎ የትም ተጽፎ አያውቅም። ያቺ ገና ፊደል በቅጡ ያልለየች ሕፃን ግን ስሟ በየቀኑ ውጫሌና ወልድያ ይመላለሳል። ምን ይደበቃል፣ ሂዳያ አንጀቷ እርር እስኪል ቀናች።

«ሂዱዬ!» አባቷ ሙሐዲን ከመኪናው ጀርባ ብቅ አለ። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ። «ምን ልትሠሪ መጣሽ? ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ሐይቅ ልነሳ ነው።»

ጋቢና ውስጥ ሪታጅ ብስኩት ይዛ ተደላድላ ተቀምጣለች። የሂዳያ እናትና አባት ሳይለያዩ ያ ቦታ የሷ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን አባቷ «ረዳቴ» እያለ እዚያ ያስቀምጣት ነበር፤ እሷም ወራጅ ሲኖር «አባዬ፣ ወራጅ አለ!» ትላለች። አሁን ከኋላ ወንበር ሆና የሪታጅን ሹሩባ ስታይ መጣች። ሹሩባው ጫፍ ላይ ያሉት ዶቃዎች መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይንኳኳሉ። ዶቃውም አናደዳት።

ሪታጅ በወንበሩ ላይ ዞራ ተንበረከከች። «እታለም፣ ብስኩት እንኪ።»

«አልፈልግም።»

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

ሙሐዲን ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ፣ የሂዳያ እናት ዓሣ ከምትጠብስበት ቦታ ሳይደርስ፣ መኪናውን አቆመ። «ከዚህ በላይ አልገባም» ሲል ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዲት ሴትማ ዘንቢላቸውን እያወረዱ ደህና አድርገው ረገሙት። ሁሉም ከወረደ በኋላ ሂዳያን ወደ መንገዱ ዳር ወሰዳት። ከታች ሐይቁ ይታያል።

«የሐሙሱን ቀጠሮ ታውቂያለሽ አይደል?»

እንዴት አታውቅም! እናቷ ፈሂማ ቀለብ እንዲቆረጥላት ፍርድ ቤት ከከሰሰች ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ዳኛዋ እንደነገሯት ቀለብ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ ልጅቷ በሚያስፈልጋትና አባቷ በሚችለው። የሚያስፈልጋትን ፈሂማ ተናገረች፤ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ደብተር፣ ሕክምና። የሚችለውን ሙሐዲን ተናገረ፤ «ቅጥር ሹፌር ነኝ። የቀኑን ገቢ ለባለመኪናው ካስረከብኩ በኋላ የምትተርፈኝ የነዳጅ ሽታ ናት። እሷም ለሁለት ልጆች ነው የምትካፈለው።» እውነት ከሆነ የሂዳያ ድርሻ ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም። ዳኛዋ ፈሂማን «መኪናው የሱ ነው የምትይ ከሆነ ፍንጭ አምጪ፤ የቀድሞውን ባለቤት አስጠርተን እንጠይቃለን» ብለዋታል። ፈሂማ ግን መጠርጠር እንጂ ምንም በእጇ አልነበራትም።

«የመኪናው ሊብሬ ገና በሻጩ ስም ነው» አለ ሙሐዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕዳም አለብኝ። እስከ ሐሙስ ለእናትሽ ምንም አትበያት። ሐሙስ ይለፍ እንጂ፣ ወላሂ፣ ያንቺንም ስም አስለጥፋለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ከላይ። ከሪታጅ በላይ።»

ሂዳያ ጥላው ሄደች። እየሮጠች ወደ ቤት ስትገባ ግን ያቺ «ከላይ» የምትባል ቃል አብራት ገባች።

ፈሂማ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ዓሣ ስትጠብስ ውላ፣ የዘይት ሽታዋን ይዛ፣ የሂዳያን ዩኒፎርም ጫፍ ፈትታ እያስረዘመች ነበር። ያምና ነው፤ ዘንድሮ አጥሯታል።

«ውጫሌ አባትሽን አላየሽውም?»

«አላየሁትም።»

«አብሽሪ፣ ምን ይደረጋል።» መርፌዋን ክሩ ላይ ሰክታ ቤቱን ቃኘች። «ሐሙስ ካልተሳካ ኪራዩን አልችለውም። አያትሽ ጋ፣ አምባሰል እንወጣለን። ያንን ቁም ሳጥን ለጎረቤት መሸጥ ነው። ተራራ ለተራራ ምን ሲደረግ ይሸከሙታል!» ሳቀች። ሂዳያ አልሳቀችም። አያቷ ካሉበት መንደር እንደሷ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በሳምንት አንዴ ስንቁን ተሸክሞ ወርዶ፣ ውጫሌ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። የሴት ልጅ ትምህርትማ ብዙ ጊዜ እዚያው ስምንተኛ ላይ ያበቃል።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ግን ደብተሯን ገልጣ መኪና ሣለች፤ መስታወቱ ላይ ከፍ አድርጋ «ሂዳያ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ በትንንሹ «ሪታጅ»። ትንሽ አይታው ላጲስ አነሳችና የታችኛውን ስም አጠፋችው። ደስ አላት። ቀጥሎ አፈረች። ደብተሩን ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሟል። የኋላ መስታወቱ ባዶ ነው። ሂዳያ ልቧ ዘለለ፤ ለኔ ቦታ እያዘጋጀልኝ ነው አለች በሆዷ። ፈሂማ ተራቸውን ልትጠይቅ ወደ በረንዳው ስትሄድ፣ እሷ ወደ መኪናው ተጠጋች።

ሪታጅ በተከፈተው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ለቅሶ ሄዳ አባቷ ይዟት መምጣቱ ነው። መዳፏ ላይ የተጨማደደ ቀይ ስቲከር ይዛለች፤ ከአበባዎቹ የአንዱ ቁራጭ።

«እታለም፣ አባዬ ስሜን ፋቀው» አለች። «በምላጭ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ሂዳያ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ለዚህ ነበር የቋመጠችው፤ እሷ ራሷ በላጲስ አጥፍታው የለ? ሕፃኗን ስታያት ግን ስሙን ያጠፋች ማታ የተሰማት ደስታ አልመጣላትም። መጀመሪያ የሷ ቦታ ጋቢና ነበር፤ ሲያስፈልግ ሌላ ተቀመጠበት። ቀጥሎ የሪታጅ ስም መስታወት ላይ ነበር፤ ሲያስፈልግ ተፋቀ። ነገ «ከላይ» የሚለጠፈውም ስም ያው ምላጭ ነው የሚጠብቀው።

«ምንም አላጠፋሽም» አለቻት።

በረንዳው ላይ ሙሐዲን አያት። ፈገግ አለና መዳፉን ወደ ሰማይ ከፍ አደረገ፤ ከላይ፣ ማለቱ ነው። ሂዳያ ዓይኗን መለሰች። ያን ጊዜ ነው መስታወቱን ከቅርብ ያየችው። ስቲከሩ ቢፋቅም ሙጫው አልለቀቀም፤ የመንገዱ አቧራ ተጣብቆበት ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ቡናማ ሆነው፣ ቆመዋል።

«ወይዘሮ ፈሂማ! አቶ ሙሐዲን!» ብሎ ጠራ የችሎቱ ተላላኪ።

ፈሂማ ሻሿን እያስተካከለች ወደ በሩ ስትራመድ ሂዳያ ሮጣ እጇን ያዘቻት።

«እማ፣ ከመግባትሽ በፊት አንዴ ነይ።»

«አሁን? እየጠሩን እኮ ነው!»

«አንዴ ብቻ። ዋሽቼሻለሁ፤ ውጫሌ አይቼዋለሁ።»

እየጎተተች ወደ መኪናው ጀርባ ወሰደቻት። ከኋላቸው «ሂዱዬ!» የሚል የአባቷ ድምፅ ተሰማ፤ ሂዳያ ግን አልዞረችም። ሪታጅም ነገሩ ጨዋታ መስሏት ተከትላቸው መጣች። በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ አቧራውን በሌባ ጣቷ እየተከተለች፣ የምታውቀውን አንድ ፊደል «ሪ» ብላ አነበበች።

ፈሂማ መስታወቱን አየች፤ ልጅቷን አየች። «ይሄ የማን ስም ነው?»

«የእህቴ» አለች ሂዳያ። «አባዬ ነው ያስለጠፈው።»