ኪቦርዱና የድንቢጥ ጉንፋን

ድንቢጥ ከፍ ወዳለው የዘፈኑ ክፍል ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ እንደ ፊሽካ ጮኸ፣ ቀጥሎ እንደሚጎተት ወንበር ሲጥ አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። በሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ጥግ ላይ ጊታር ሲሞክር የነበረ ሰውዬ ክሮቹን በመዳፉ ዝም አሰኝቶ ዞር አለ።

«ዶሮ ነው የገባው?» አሉ የቀጭኔ አጎት የሱቁን በር እያዩ።

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ» አለ ድንቢጥ ማይኩን ከአፉ አርቆ። ሳልም ጨመረበት። ከዘፈኑ ይልቅ ሳሉን በደንብ የተለማመደው ይመስላል።

ቀጭኔ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። እሷ ብታቆምም ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ በራሳቸው ቀጠሉ፤ የዚህ ዓይነት ኪቦርድ ሥራው ይኸው ነው። በግራ እጅ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ሁለት ሦስት ቁልፎች፣ ከተያዘለት ባንዱን ሁሉ ይዞ ይከተላል። በቀኝ እጅ ዜማውን መጫወት ብቻ ነው የሚቀረው። ዘፋኝ ከተጨመረ ደግሞ ሁለት ሰው ሙሉ ባንድ ሆኖ መድረክ ይወጣል።

የፊታችን ቅዳሜ ሁለቱ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። በትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ፣ ወላጆች ሁሉ ባሉበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን። እስካሁን የተለማመዱበት የትምህርት ቤቱ ኪቦርድ ግማሽ ቁልፉ አይሰማም። ፀጉር አስተካካዩ አጎቷ ይህን ሲሰሙ፣ «የወንድሜ ልጅ ጥርሱ የረገፈ ኪቦርድ ይዛ መድረክ አትወጣም!» ብለው ፀጉር ቤታቸውን ዘግተው ወደዚህ ይዘዋቸው መጡ።

ቀጭኔ የተባለችው ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ስለምትረዝም ነው። ድንቢጥ ግን ስሙን ያገኘው በድምፁ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጣሪያ የሚነካ ድምፅ ነበረው። እውነተኛ ስሙን መምህራኑ እንኳ የሚያስታውሱት ስም ሲጠሩ ብቻ ነው።

«በሉ ልጁ ይረፍ» አሉ አጎቷ። «እኛ ዕቃችንን እንምረጥ። እህቴ፣ እስቲ ያንን ባለመብራቱን አሳዪን።»

ሻጯ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ትልቁን ኪቦርድ ከፈተችው። ሰፊ ስክሪን አለው፤ ቁልፎቹ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሯሯጣል። «ያለፈው ዓመት ሞዴል ስለሆነ ቅናሽ አለው» አለች። «ዋጋው ከዚያ ከትንሹ ጋር እኩል ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉ አጎቷ።

ቀጭኔ የቫዮሊኑን ድምፅ መርጣ አንድ ኮርድ ተጫነች። አንድ ክፍል ሙሉ ቫዮሊን ተጫዋች ከጀርባዋ ብድግ ያለ መሰላት። ሁለተኛውን ኮርድ ዓይኗን ጨፍና ተጫወተችው። ይሄማ የኔ ነው አለች በልቧ።

«አቦ ቀሽት ነው!» አለ ድንቢጥ። «ውሰጂው፣ ቀጭኔ። የምር። ፊትሽን ባየሽው!»

«ውሰጂው» ሲል ድምፁ ከደረቱ ነበር የወጣው። ቀጭኔ ዓይኗን ገለጠች። ጉንፋን የያዘው ሰው በአፍንጫው ነው የሚናገረው። ይሄ እንደ አባቷ ነው የተናገረው። ደግሞስ ይሄ ጉንፋን ምን ዓይነት ነው? ንፍጥ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ዘፈኑ ከፍ ሲል ብቻ የሚነሳ።

«ና እስቲ አንዴ ውጪ» አለችው።

ከሱቁ መስተዋት ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጉንፋን አይደለም፣ አይደል?»

«ነው አልኩሽ እኮ!» አለ። «ነው» ያለው በቀጭኑ፣ «አልኩሽ እኮ» ያለው በወፍራሙ ነበር። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ቀድሞ ሳቁን ያቆመው እሱ ነው።

«ጠዋት ስነሳ እንደ አባቴ ነኝ» አለ። «ከሰዓት እንደ እናቴ። ማታማ ማን እንደምሆን እኔም አላውቅ። ትናንት ስልክ ሳነሳ እህቴ 'አባባ፣ ዳቦ ልግዛ?' አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ግዢ አልኳታ።»

ቀጭኔ ሳቋን ዋጠች። «ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ድንቢጥ ነኛ! ወፍራም ድምፅ ያላት ድንቢጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ቅዳሜ የሚመጣው ያንን ከፍ ያለውን ቦታ ሊሰማ ነው። እዚያ ላይ አጎትሽ እንዳሉት ዶሮ ከገባ፣ ትምህርት እስክንጨርስ ዶሮ ነው የምባለው።» ጫማውን አየ። «ሌላ ዘፋኝ ፈልጊ። እኔ ፊት ተቀምጬ አጨበጭብልሻለሁ።»

«ዝቅ አድርገን ብንጫወተውስ?»

«የቱ ድረስ ዝቅ? የዛሬው ለነገ አይሆንም። እኔ ራሴ አፌን ስከፍት ነው የማውቀው።»

ቀጭኔ ጣቶቿን አየች። በልምምዱ ጊዜ «ትንሽ አውርጂልኝ» ሲላት ደጋግማ «ጉንፋኑ ሲለቅህ ትደርስበታለህ» ብላዋለች። ጣቶቿ ዘፈኑን የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገድ ለመቀየር ሰንፋ ነበር።

ሲመለሱ አጎቷ ከኪቦርዱ ከበሮ ጋር በእግራቸው ወለሉን ይመታሉ።

«እየተጫወትኩ፣ ሙዚቃው ሳይቆም፣ የዘፈኑን ከፍታ፣ ቶኑን፣ ማውረድ እችላለሁ?» ስትል ሻጯን ጠየቀቻት።

«ትራንስፖዙን ነው የምትፈልጊው። ሁለቱም አላቸው። በዚህ በትልቁ ግን ስክሪኑ ውስጥ ገብተሽ ነው።»

ሞከረችው። ዜማውን በቀኝ እጇ ጀምራ ስክሪኑን ነካች። አንድ ገጽ ተከፈተ፣ ከሥሩ ሌላ ገጽ። ሦስተኛውን ስትነካ ለስላሳው ዘፈን በአንዴ እንደ እብድ የሚሮጥ ጭፈራ ሆነ። ባለጊታሩ ሰውዬ በሳቅ ፈረሰ።

«እንዲህ ነው እንጂ ሙዚቃ!» አሉ አጎቷ። «ይሄንን ተጫወቺላቸው!»

እንደገና ሞከረች። ቦታውን ስታገኘው ዘፈኑ ጥሏት ሄዶ ነበር።

«በልምምድ ይፈጥናል» አለች ሻጯ።

«ለቅዳሜ?»

ሻጯ ትንሽ አሰበች። «ለቅዳሜ እንኳ አይመስለኝም።»

ቀጭኔ ወደ ትንሹ ኪቦርድ ዞረች። መብራት የለው፣ ስክሪኑ እንደ ካልኩሌተር። ቫዮሊኖቹ ጎረቤት ቤት ውስጥ የሚጫወቱ ይመስላሉ። ከቁልፎቹ በላይ ግን፣ ጣቷ ሳትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ለብቻቸው የቆሙ ትንንሽ መጫኛዎች አሉ፤ አንዱ ቶኑን ያወርዳል፣ አንዱ ይሰቅላል።

ድንቢጥን ዝፈን አላለችውም። መግቢያውን ብቻ ጀመረች። መግቢያው ሲያልቅ መልሳ ጀመረችው። ድንቢጥ እጁን ኪሱ ከቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እንደገና መለሰችው።

«ኧረ አንቺ ልጅ ነገረኛ ነሽ» አለና ማይኩን አነሳ።

የመጀመሪያውን ክፍል በሰላም ዘፈነ። ከፍ ያለው ቦታ ሲቃረብ ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣት ጀመረ። ቀጭኔ ከበሮውን ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያሸጋግረውን ቁልፍ ተጫነች። ከበሮው ሲንከባለል ጣቷ ወደ ማውረጃው ሄዳ ነካ፣ ነካ፣ ነካ አደረገችው። ቀጣዩ ኮርድ ዝቅ ብሎ መጣ።

ድንቢጥ ድንገት አያት። ከዚያ ገባበት።

የድሮው ድምፁ አልነበረም። ሰፋ ያለ፣ ትንሽ የሚሻክር፣ ገና እግር ያልለመደው ጫማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ጣሪያውን አልነካም፤ ሱቁን ግን ሞላው። መጨረሻው ላይ ጥቂት ተሰነጠቀ፤ እየዘፈነ ሳቀና አለፈው።

«ጉንፋኑ ለቀቀህ እንዴ?» አሉ አጎቷ።

«ቀለል አለኝ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ! በሉ እንግዲህ ባለመብራቱ ይታሸግልን።»

ቀጭኔ ወደ ትልቁ ሄደች። መብራቱ አሁንም ብቻውን ይሯሯጣል። አንድ የቫዮሊን ኮርድ ተጭና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው። ከዚያ ራሷ አጠፋችው።

«ትንሹን ነው የምወስደው፣ ጋሼ።»

«ምን? ይሄንን ካልኩሌተር?»

«ለእጄ ይቀርበኛል።»

«ለእጅሽ! ያለ መሰላል ጣሪያ የምትቀቢ ልጅ፣ እጅሽ የማይደርስበት የት አለና?» አጎቷ መልስ ጠበቁ። ቀጭኔ ወደ ድንቢጥ ሳታይ የትንሹን ኪቦርድ ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እየሳቁም፣ ወደ ሂሳብ መክፈያው ሄዱ።

ሻጯ ካርቶኑን ስታሽግ ድንቢጥ ተጠጋት። «ትልቁን ወደሽው ነበር።»

«ወድጄው ነበር።»

«ታዲያ…»

«ቅዳሜ ከመውጣታችን በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ታንጎራጉርልኛለህ። ድምፅህ ያን ቀን የት እንዳለ ልወቅ።»

ድንቢጥ ካርቶኑን በአንድ ጫፍ አነሳ። እሷ ሌላውን ጫፍ ስታነሳ ካርቶኑ ወደ እሱ ዘቀዘቀ። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ካስተካከለችው በኋላ፣ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለች ተያይዘው ወደ በሩ ሄዱ።