የሀልስቴድ ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል

ዶሪን ውጭ መሳፈሪያ መድረኩ ላይ፣ የመጨረሻውን ባቡር ሊሸኝ ለወጣው ሕዝብ የኢልሳን ድርሰት ጮክ ብላ እያነበበች ነው። ኢልሳ ደግሞ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ቆማ በመስኮቱ በኩል ትሰማታለች።

«የሀልስቴድ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ በዚህ የሳስካችዋን ሜዳ ላይ አንድም ቤት አልነበረም። ከተማዋ ጣቢያውን ተከትላ መጣች...»

ቃሉ ሁሉ የኢልሳ ነው። ስንዴው የተጫነበት፣ ወታደሮቹ የተሸኙበት፣ ጥቂቶቹም ወጥተው የቀሩበት ጣቢያ። መምህርት ኦልሰን ከክፍሉ ድርሰቶች ሁሉ የእሷን መርጠው፣ «ግን አንቺ ባታነቢው ይሻላል፤ ሰው ያጉረመርማል። ዶሪን ታንብበው» አሏት።

ባለፈው መከር የባቡር ድርጅቱ ጣቢያውን ልዝጋ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዳኞች መጥተው በከተማው አዳራሽ ምስክር ሰምተው ነበር። ሰዉ እየተነሳ «ያለ ባቡር መኖር አንችልም» አለ። የጣቢያው ኃላፊ የኢልሳ አባት ነው፤ ተራው ደርሶ ምሎ ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። ሁሉም መኪና ገዝቷል፤ ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው የማይሳፈርበት ጊዜ አለ። ጣቢያው እንዲዘጋ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ኢልሳንና አባቷን የሚያናግር ጠፋ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠችው ዶሪን፣ «አባቷ ለምስክርነቱ ከድርጅቱ ቤት ተሰጥቶታል» ብላ አስወራች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ኢልሳ ራሷ፣ አባቷ ሥራውን አጥቶ መጋዘን ሊጠብቅ እንደሚሄድ እያለቀሰች ነግራታለች። በማግስቱ ኢልሳ ዴስኳን ስትከፍት የሞተ አይጥ አገኘች፤ አንገቱ ላይ የባቡር ቲኬት ታስሯል። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ዶሪንም ሳቀች።

«...በትልቁ የበረዶ ማዕበል ጊዜም ባቡሩ እዚሁ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ ጣቢያው ውስጥ ተጠልለው ዳኑ» አለች ዶሪን ውጭ፤ ገጹንም ገለበጠች።

እዚያ ጋ አንድ አንቀጽ ነበር። ከሰሉ ሲያልቅ የኢልሳ አባት የራሱን አልጋና ወንበር ፈልጦ እንዳነደደላቸው የሚናገር። ተዘለለ። ሰው አጨበጨበ።

የመጨረሻው ባቡር ዘገየ። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ፊት ይልጣል። ሊሸኝ የመጣው ሕዝብ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ዞረ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኢልሳ እጅ ነው። አባቷ «ሰው ሲበርደው ክፈቺላቸው» ብሏት ቢሮው ገብቷል።

ዶሪን መስታወቱን አንኳኳች። «ኢልሲ፣ አቦ ክፈቺ፤ ደረቅን እኮ።»

«ቲኬት አለሽ?»

«ምን?»

«ክፍሉ የተሳፋሪ ነው።»

«አትፎግሪ ባክሽ። ወንድሜ ጣቶቹ ደንዝዘውበታል።»

ትንሹ ልጅ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ያለቅሳል። ኢልሳ አየችው። አላሳዘናትም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ደስ ማለቱ አስደነገጣት፤ ቁልፉን ግን ከእጇ አላወጣችም።

«ስለ ቤቱ የዋሸሽውን ተናገሪ። ሁሉም እንዲሰማ። ያኔ እከፍታለሁ።»

ዶሪን ወደ ኋላ ዞረች። አባቷ ሚስተር ፕራት፣ የከተማውን ዕቃ በጭነት መኪናዎቹ የሚያመላልሰው፣ ጣቢያው ሲዘጋም የባቡሩን ጭነት የሚወስደው፣ ከመምህርት ኦልሰን ጋር ይሳሳቃል። ዶሪን ተመልሳ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስጠጋች።

«እንዲያ በይ ያለኝ እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ፊት አልችልም።»

«እንግዲያው ጠብቂ።»

የቢሮው በር ተከፈተ። የኢልሳ አባት መጀመሪያ እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ከመስታወቱ ውጭ የሚያለቅሰውን ትንሽ ልጅ አየ።

«ኢልሳ፣ ክፈቺላቸው።»

«ይህን ሁሉ አድርገውን?»

«ልጁ በርዶታል።»

ኢልሳ ቁልፉን ዘረጋችለት። «አንተ ክፈትላቸው።»

ካፖርቷን ለበሰች፤ እስከ አንገቷ ቆለፈች። አባቷ የፊቱን በር ሲከፍት እሷ በዕቃ ክፍሉ በኩል ወጣች። ሕዝቡ እየተጋፋ ሲገባ፣ አንዱ «እዚህስ ይሞቃል» ሲል ሰማች። አባቷን ያመሰገነ አልነበረም።

«ኢልሲ፣ ግቢ እንጂ» አለች ዶሪን ከበሩ ላይ ሆና። «ክፍት ነው እኮ።»

ኢልሳ የካፖርቷን ኮሌታ ከፍ አድርጋ ባዶው መድረክ ላይ ቆመች፤ ፊቷንም ባቡሩ ወደሚመጣበት አዞረች።