የእንግዳዋ ኮምፒውተር

«ሃያ አንድ?»

ሩቲ ዓይኗን ማመን አቃታት። በስክሪኑ ጥግ ያለችው ትንሽ ቢጫ ቁጥር ቀጥ ባለው መንገድ ላይ አርባ አምስት ነበረች። የጌሙ መኪና ዝናብ ወደሚዘንብበት ኩርባ ሲገባ ግን ወርዳ ወርዳ ሃያ አንድ ላይ ቆመች። መኪናውም ተንገዳግዶ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ከግማሽ ሰዓት በፊት የተጋጣሚዋ የነስራ መኪና የተላተመው እዚሁ ቦታ ላይ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

ሩቲ ክው አለች።

ከኋላዋ ማቲ ገና ደስታው አልበረደለትም። የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ሰው ሲያሸንፍ ከአሸናፊው በላይ መጨፈር ያውቅበታል። «ለትልቁ ውድድር ድሬዳዋ ልትገቢ ነው! አቦ፣ አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ!» እያለ ወንበሩን እንደ ከበሮ ይደልቃል።

«ማቲ፣ ና እስቲ ይሄን እይ።»

«ምኑን?»

«ፍሬሙን።»

ሩቲ ይህን ቁጥር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ምስል እየሳለ እንደሆነ የሚናገር ነው። ስድሳ ከሆነ መኪናው ሽው ይላል። ሃያ ከሆነ ግን ጆይስቲኩ አሁን ይጠመዘዛል፣ መኪናው ቆይቶ ነው የሚሰማው። በዚህ የጅጅጋ ጌም ቤት አንድ ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር «ሩቲን ጥሯት» የሚባለው ለዚህ ነው። መጥታ ጥላውን ትቀንሳለች፣ የዝናቡን ጥራት ታወርዳለች፣ ቁጥሩ ስድሳ ሳይደርስ ከወንበሩ አትነሳም።

ዛሬ ጠዋትም ሁለቱን የውድድር ኮምፒውተሮች ያስተካከለችው እሷው ነበረች። ሁለቱም መካከለኛ ጥራት ላይ፣ ሁለቱም ስድሳ። ጨርሳ ቁጥሩን ከሁለቱም ስክሪን ላይ አጠፋችና ምሳ ለመብላት ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ከደገሀቡር የመጣችው ተጋጣሚዋ ነስራ ቦርሳዋን ታቅፋ ቁጭ ብላ ነበር። ገና እንደተዋወቁ «ኮምፒውተሮቹ እኩል ናቸው አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ራሴ ነኝ ያስተካከልኳቸው። ቃሌን እሰጥሻለሁ» አለቻት ሩቲ።

ነስራ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ከተሸነፈች በኋላ ብቻ «ዝናቡ ጋ እየተያዘ ስታክ ያደርጋል፣ ወላሂ» አለች። ቤቱ ሙሉ ሳቀባት። «ለተሸናፊ ሰበብ አይጠፋውም!» ያለው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሩቲ ራሷ ናት። ነስራ ቀና ብላ አየቻት፣ ሂጃቧን አስተካከለች፣ ታላቅ ወንድሟ ወደሚጠብቃት መናኸሪያም ሄደች። ያ አስተያየቷ አላስቀምጥ ስላላት ነው ሩቲ አሁን በነስራ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቁጥሩን መልሳ አብርታ ኩርባውን የሞከረችው።

ማቲ ቁጥሩን አይቶ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ከዚያ ወደ በሩ ተገላመጠ።

«አጥፊው» አለ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ቁጥሩን አጥፊውና ላሽ እንበል! አንቺ አይደለሽም የነካሽው። ማን ያውቃል?»

«እኮ ማን ነካው ታዲያ?»

በዚህ መሀል የጌም ቤቱ ባለቤት ዐቦኮር ሁለት ለስላሳ ይዘው እየሳቁ ገቡ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሶማልኛ «አዴር» ነው የሚላቸው፤ አጎቴ እንደማለት። ጌም አይጫወቱም፤ ሰው ሲጫወት ማየት ግን ይወዳሉ።

«የኛ ጀግና! ከድሬዳዋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የአሸናፊውን ስም ላኩ ብለውኛል። የአባትሽን ስም ንገሪኝና አሁኑኑ ልላከው።»

«አዴር» አለች ሩቲ። «ይሄን ኮምፒውተር ከጠዋት ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

«አለ እንጂ! እኔ ነኛ!»

ሩቲና ማቲ ተያዩ።

«አንቺ ምሳ ስትሄጂ ነው» አሉ ዐቦኮር ደረታቸውን ነፍተው። «ያንን ሴቲንግ ከፈትኩና ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ ከፍተኛ ላይ አደረግኩት። ጥላው፣ ዝናቡ፣ የመኪናው ነጸብራቅ... ወላሂ ሲኒማ ነው የመሰለው!»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? እንግዳ ናት! ከደገሀቡር ድረስ መጥታ የደበዘዘ ነገር ላሳያት? ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ከፍየሉ ምርጡን ሥጋ ነው የማቀርበው። ያንቺን አልነካሁም። አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፤ የቤት ልጅ ያገኘችውን ትበላለች።»

ሩቲ ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገባት። ጆይስቲኩን ይዛ ኩርባውን ደግማ ነዳችላቸው። መኪናው ቆም፣ ቆም አለና ግንቡን ገጨ። «ምስሉ ባማረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይከብደዋል፣ አዴር። ይሄ ኮምፒውተር አይችለውም። ነስራ ያለችው እውነቷን ነው።»

ዐቦኮር ለስላሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ኮፊያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ታዲያ እኔ ነኝ ያሸነፍኳት በይኛ!»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደገሀቡሮች ይሄን ቢሰሙ ዐቦኮር እንግዳ ጠርቶ አታለለ ነው የሚሉት። ላክብራት ብዬ ነው ብል ማን ያምነኛል?» ስልካቸውን አዩ፣ ከዚያ ሩቲን አዩ። «የሚላከው ያንቺ ስም ነው። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሩቲ ትዝ ያላት የእናቷ ድምፅ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ ዓመት ሙሉ «ጌም እንጀራ አይሆንም» ሲሉ ከርመው፣ በስንት ልመና «እሺ፣ ካሸነፍሽ ድሬዳዋ ትሄጃለሽ» ብለዋታል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ደውላ «እማ፣ አሸነፍኩ!» ስትላቸው መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ እልል ብለው ነበር። ያን እልልታ እንዴት አድርጋ ትመልሰው? እንባዋ መጣ፤ ተናደደችበትና በእጅጌዋ ጠረገችው።

«የነስራ ስልክ አለዎት አይደል?» አለች። «ይደውሉልኝ።»

«ሩቲ፣ አብደሻል እንዴ?» አለ ማቲ። «ደግማ ተጫውታ ብታሸንፍሽስ?»

«ታሸንፈኛለቻ።»

ስልኩ ጠራ። ነስራ ስታነሳው ከጀርባዋ የረዳቱ «ደገሀቡር! ደገሀቡር!» የሚል ጩኸት ይሰማል።

«ነስራ፣ ሩቲ ነኝ። ሚኒባሱ ሞላ?»

«ሁለት ሰው ይቀረዋል። ምነው?»

«ውረጂ። ያልሽው ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርግ ነበር። እኔ ሳላይ ነው ቃሌን የሰጠሁሽ። የሳቅሁብሽም... በቃ፣ ይቅርታ።»

ረዳቱ ደገሀቡርን ሦስት ጊዜ ጠራ።

«እየመጣሁ ነው» አለች ነስራ በመጨረሻ።

ሩቲ ስልኩን መለሰችና የእንግዳዋን ኮምፒውተር ሴቲንግ ከፈተች። ጥላውን ቀነሰች። ዝናቡን፣ ነጸብራቁን አንድ በአንድ አወረደች። ዐቦኮር ከአጠገቧ ቆመው እያንዳንዱ በወረደ ቁጥር ከእንግዳ ሳህን ላይ ሥጋ የሚነሳ ይመስል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ቢጫዋ ቁጥር ስድሳ ላይ ስትቆም ሩቲ ተነስታ በራሷም ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን አበራችው።

በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ነስራ ከወንድሟ ጋር ገባች፤ ለዐቦኮር ሰላምታ ሰጠች፣ ማቲን አለፈችው፣ ሩቲ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አሁን በቃሌ አትመኚ» አለቻት ሩቲ። «መጀመሪያ አንድ ዙር ንጂና ዝናቡ ጋ ስትደርሺ ቁጥሩን ራስሽ እይው።»

ነስራ ተቀምጣ ነዳች። ኩርባው ጋ ስትደርስ መኪናው ሽው ብሎ አለፈ። ቁጥሯ ስድሳ ላይ ነበረች። ነስራ ጆይስቲኩን አስቀመጠችና ሩቲን ትንሽ አየቻት። ከዚያ እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰዳ ቁጥሩን አጠፋችው።

«ዓይኔን ይረብሸኛል» አለች።

ሩቲም የራሷን አጠፋችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።