ሃያ ሦስቱ የቦሼ ማሰሮዎች

ቅዳሜ ጠዋት ማሰሮዎቹ አልነበሩም።

መደርደሪያው አለ። ማሰሮዎቹ በነበሩበት ቦታ ግን ጭቃ ነው ያለው። ግራጫ፣ የላላ ጭቃ። ከላይኛው ሳንቃ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ሲሚንቶው ወለል ወርዶ ተዘርግቷል።

"ሃያ ሦስት ማሰሮ!" አለ የማዕከሉ ዳይሬክተር አቶ ሀብታሙ። "ሌባው መስረቁ ሳያንሰው ጭቃ ደፍቶብን ሄደ።"

ዋና ሳጅን ጉልላት ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራው ሌባ ሲወስድ እንጂ ሲተካ አይቶ አያውቅም።

"ጭቃውን ለምን?"

"ለንቀት ነዋ! ባህላችንን ለመናቅ።" ሀብታሙ ደረቱን ነካ። ካናቴራው ላይ "ባህላችን ኩራታችን" የሚል ታትሟል። ለዕለቱ እንግዶች በሙሉ ታትሞ ነበር።

ይህ ወላይታ ሶዶ ያለ የማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከል ሰኞ ሥዕል፣ ረቡዕ ድራማ፣ ቅዳሜ ኪቦርድ ያስተምራል። አዳራሹን መዘምራን ለልምምድ ይዋሱታል። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ ሸክላ ተጨምሯል። አስተማሪዋ ቦሼ የምትባል፣ ከአረካ ወዲያ ካለ ቀበሌ የምትመጣ አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ማሰሮዎቿ ግቢው ውስጥ በእንግዶች ፊት ሊቃጠሉ ነበር። የክብር እንግዳው የቦርድ ሰብሳቢው አቶ ይስሐቅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የተከበሩ ሰው።

"ማሰሮ ይቃጠላል እንዴ?" አለ ጉልላት።

"ይቃጠላል።"

"ለምን?"

ሀብታሙ ጥቂት አሰበ። "ባህል ነው።"

የማዕከሉ አስተባባሪ ብሩክታይት ለሳጅኑ ወንበር አመጣችለት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጣቷ ላይ የእጮኝነት ቀለበት አለ። የአቶ ይስሐቅን ልጅ ሰላምአብን ልታገባ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ዓይኗ ቀልቷል። እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። ዝግጅት ያለበት ሰው እንቅልፍ ያጣል።

ወደ ጥበቃው ሄደ። ወንደሰን ይባላል።

"ትናንት ከሥራ በኋላ ማን ገባ?"

"ማንም።"

"ሃያ ሦስት ማሰሮ ሲወጣ ኮሽ አይልም?"

"ኮሽ አላለም። በእግዚአብሔር ፊት ነው የምናገረው ሳጅን፤ ሰው አልገባም።"

"ሠራተኛስ?"

"ሠራተኛ ሌላ፣ ሰው ሌላ። አንተ የጠየቅከኝ ሰው ገባ ወይ ነው።"

"እሺ። ሠራተኛ ማን ነበር?"

"ሁሉም! ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ አበባ የሚያጠጣው። ግቢው ገበያ ነበር።"

ሀብታሙ ተጠርጣሪ አላጣም። ጣቱን ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ቀሰረ። ገብረማርያም አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው በከፈቱት ሱቅ ጀሪካን፣ ባልዲና ሳፋ ይሸጣል። ማዕከሉ ባለፈው ሳምንት "ፕላስቲክ ይቁም፣ ሸክላ ይቅደም" የሚል ባነር ልክ ከሱቁ ፊት ለፊት ሰቅሎ ተጣልተዋል። የፒክአፑ ጎማ ላይ ደግሞ ጭቃ አለ።

ጉልላት ጎማውን በጣቱ ፋቀ። ቀይ አፈር ነው።

"ቤት እያሠራሁ ነው" አለ ገብረማርያም። "ሳጅን፣ በሞቴ አንድ ጊዜ እናስብ። ማሰሮ ሰርቄ ምን አተርፋለሁ? የእኔ ደንበኛ ማሰሮ የተሰበረበት ሰው ነው።"

"ታዲያ ትሰብረዋለህ።"

"ብሰብረው ስብርባሪው የት አለ?"

ጉልላት "ስብርባሪ" የሚለውን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

"በዚያ ላይ" አለ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዛሬ እንግዶቹ ውሃ የሚጠጡበትን የፕላስቲክ ኩባያ ማን ያዘዘኝ ይመስልሃል? ያው ሀብታሙ ነው።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሼ በባጃጅ መጣች። ጭድና ደረቅ ቅጠል የታጨቀበት ጆንያ ይዛለች። ሀብታሙ ሮጦ ተቀበላት፤ "እናቴ፣ ጉድ ሆነናል!" የድራማ ክፍል ልጆች ከበቧት፤ "አይዞዎት እናቴ።" አንዱ ሻይ አመጣላት። ሻዩ የመጣው ለብቻው ሚስማር ላይ በሚንጠለጠለው ኩባያ ነው። የእሷ ኩባያ ነው፤ ሌላ ሰው አይጠጣበትም። ጉልላት የሶዶ ልጅ ነውና ለምን ብሎ አልጠየቀም። የሸክላ ሠሪ ኩባያ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ይህ ግን ካናቴራው ላይ አልታተመም።

ቦሼ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ጭቃውን ቆንጥራ በጣቶቿ መካከል አሸችው። ከዚያ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ፍለጋ ላይ ነበር። ሀብታሙ መናኸሪያ ሰው ልኳል፤ ገበያ ሰው ልኳል። እሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በሩ አላየችም።

ጉልላት አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "እናቴ፣ ማሰሮዎቹ የት ይሆናሉ?"

"እዚህ ናቸው።"

"የት?"

በአገጯ ጭቃውን አሳየችው። "እሳት ያላየ ማሰሮ ውሃ ካገኘው አፈር ይሆናል። እንደ ስኳር ነው። ድምፅ የለውም።"

ጉልላት ደብተሩ ላይ "ስርቆት" የሚለውን ሰረዘ።

"ይህን የሚያውቅ ማን አለ?"

"ማንም።"

"ሰልጣኞቹስ?"

"መጠፍጠፍ ብቻ ነው ያስተማርኳቸው። እሳቱ ዛሬ ነበር።"

"እንደገና ይሠሯቸዋላ።"

ጣቶቿን ዘረጋችለት። መገጣጠሚያዎቹ አብጠዋል፤ ሁለቱ አይታጠፉም። "የመጨረሻዎቼ ነበሩ ልጄ።"

ስልኳን አውጥታ በወላይትኛ ተናገረች። አትምጡ፣ ቃጠሎ የለም፣ ተመለሱ።

"ማን ነበር የሚመጣው?"

"እህቴ። የእህቴ ልጆች። ለቃጠሎ ዘመድ ይሰበሰባል፤ እሳቱ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።"

ያን ጊዜ ነው ጉልላት ጥግ ላይ ያለውን ያየው። ከወለሉ የተሰበሰበ የጭቃ ክምር ነው። በረጠበ ጆንያ ተሸፍኗል፤ የጆንያው ጠርዝ ዙሪያውን በድንጋይ ተይዟል።

"ይሄን ማን ሸፈነው?"

ቦሼ ጆንያውን አየች።

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ አሁን መምጣትዎ ነው።"

"እኔ ነኝ አልኩህ።"

"ለምንድን ነው የሚሸፈነው?"

"ጭቃው እንዳይደርቅ። ካልደረቀ ቶሎ ይታሻል። ልጅ ሆነን እናቶቻችን መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው።" ይህን ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጉልላት ጽዳት ሠራተኛዋን ውጭ አገኛት።

"ልደፋው ስል ብሩክታይት ናት የከለከለችኝ" አለች። "ማስረጃ ነው፣ አትንኪ አለችኝ። በዚያ በነጭ ቀሚሷ ተንበርክካ እሷው ናት የሸፈነችው። ጎበዝ ልጅ እኮ ናት!"

ጉልላት ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ብሩክታይት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

"ማስረጃ መጠበቅ የት ተማርሽ?"

"ፊልም ላይ።"

"ፊልም ላይ ማስረጃ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል?"

ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

"ሸክላ ትችያለሽ?"

"እኔ? ማኔጅመንት ነው የተማርኩት።"

"እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ማሰሮ በውሃ እንደሚሟሟ የሰማሁት ዛሬ ነው። አለቃሽ አሁንም ሌባ ያሳድዳል። ገብረማርያም ስብርባሪው የት አለ ይለኛል። ጭቃውን ማዳን የሚያውቅ ሰው ማሰሮውን ማጥፋትም ያውቃል። የማን ልጅ ነሽ?"

ብሩክታይት በሩን አየች። ተዘግቷል።

"አበባ ሳጠጣ በዚያው የውሃ ጎማ ነው ማሰሮዎቹን ያጠጣኋቸው" አለች። "ብዙ ውሃ አልፈጀም።"

"የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።"

"የእሷ።" በአገጯ ወደ ሸክላው ክፍል አመለከተች። "አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ለትምህርት ብዬ አረካ አንዲት አስተማሪ ቤት ገባሁ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ የአስተማሪዋን ስም እጠራለሁ። የሰላምአብ ቤተሰቦች ሲጠይቁኝ ግን እናቴ ሞታለች አልኩ። ሸክላ ሠሪ ናት ብል ሽማግሌ ይልኩ ነበር? አንተው ንገረኝ።"

ጉልላት ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለው ኩባያ ታወሰው።

"ከሦስት ወር በፊት አቶ ሀብታሙ ምርጥ ሸክላ ሠሪ አገኘሁ ብሎ ይዟት ገባ። ተዋወቂያቸው አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። እጄ ጭቃ ነው ብላ ክንዷን ሰጠችኝ። እጇ ንጹህ ነበር ሳጅን።"

"ታዲያ ዛሬ ምን መጣ?"

"አክስቴ ነቻ! ልጆቿም። በልጅነት ስሜ ጠርተው አንገቴ ላይ ይጠመጠማሉ። አቶ ይስሐቅ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው። ማሰሮ ከሌለ ቃጠሎ የለም፤ ቃጠሎ ከሌለ ዘመድ አይመጣም። ለማጥፋት ብዬ አይደለም። ጭቃው አለ፤ በወር ውስጥ መልሳ ትሠራቸዋለች ብዬ ነው። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ..."

"ከሠርጉ በኋላ ምን?"

ቀለበቷን ጣቷ ላይ አዞረች።

"ጣቶቿን አይተሻል?"

"ጣቶቿ ምን ሆኑ?"

ነገራት።

ብሩክታይት ተነሳች። የምትሄድበት ስላልነበራት መልሳ ተቀመጠች።

በሩ ተከፈተ። ሀብታሙ ነው። ከኋላው አቶ ይስሐቅ ካናቴራውን በሸሚዛቸው ላይ ደርበው ቆመዋል። በመካከላቸው ቦሼ።

"ሳጅን፣ ተፈታ!" አለ ሀብታሙ። "ለካ እናታችን ራሳቸው ናቸው።"

"ረስቼ ውሃ ለቀቅኩባቸው" አለች ቦሼ። "ትናንት ስወጣ። እርጅና ነው።"

አቶ ይስሐቅ ሳይነኳት ጎንበስ አሉ። "አይዞዎት እናቴ። እግዚአብሔር ይተካልዎታል።"

ከጠዋት ጀምሮ ያገኛት ሰው ሁሉ እናቴ ብሏታል። አንዷ ብቻ ቀርታለች።

ጉልላት አንዷን አያት። ጠበቃት። ብሩክታይት ወደ ወለሉ አየች። የቃል መቀበያ ቅጹን አውጥቶ ቦሼ ያለችውን ጻፈና የጣት ቀለሙን አቀረበላት። ቦሼ አውራ ጣቷን ተጫነች። ወረቀቱ ላይ የቀረው መስመር የሌለው ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። አርባ ዓመት ሸክላ የላገው ጣት አሻራ አልነበረውም። ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

"አሻራው ካልተነበበ የሚያውቃቸው ምስክር ይፈርማል" አለ ጉልላት። "ዝምድናውን ጽፎ።"

ሀብታሙን ማስፈረም ይችል ነበር። ብዕሩን ለብሩክታይት ሰጣት።

ቅጹ ላይ አጭር ባዶ መስመር አለች። ብዕሩ እላይዋ ቆመ። አቶ ይስሐቅ ሰዓታቸውን አዩ። ቦሼ መስኮቱን ታያለች።

ብሩክታይት ጻፈች። ፈረመች። ወረቀቱን ገልብጣ መለሰችለት።

ጉልላት አቃንቶ አነበበ። "የሥራ ባልደረባ" ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ዝግጅቱ በኪቦርድ ተጀመረ። ሀብታሙ በማይክሮፎን ስለ ሸክላ ጥበብ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ጉልላት ቦሼን እስከ ውጭው በር ሸኛት። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ልጄ" አለችው። "እኔ ማንበብ አልችልም። ያቺ ልጅ ምን ብላ ጻፈች?"

ጉልላት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽ እየያዘ ኖሯል።

"ልጃቸው ነኝ ብላ ጻፈች።"

ቦሼ ክንዱን ጨመደደችው። "ኧረ አጥፋው! ኧረ በፈጠረህ! ሠርጓ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰው ሳያየው ሰርዘው!"

"እሺ እናቴ። እሰርዘዋለሁ።"

"አሁኑኑ።"

"አሁኑኑ።"

ወደ ባጃጁ ሄደች። አንድ እግሯን አስገባች። መልሳ አወጣችውና ተመለሰች።

"በራሷ እጅ ነው የጻፈችው?"

"በራሷ እጅ።"

"ሳትሰርዘው በፊት አንዴ አሳየኝ።"

ጉልላት ቅጹን አወጣ። ሌላ የሚያሳያት መስመር አልነበረውም። ጣቱን ሁለቱ ቃላት ላይ አደረገላት።

ቦሼ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። በማይታጠፈው ጣቷ ፊደሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብላ ተከተለቻቸው። ፊቷ በራ።

"ብዙ ነው የጻፈችው" አለች።