አዲ ያልተሻገረው ወንዝ

ግዛቸው ጉሮሮው ተቀዶ የተገኘው ከሳጉሬ በላይ፣ ከሚያስተዳድረው የበግ እርባታ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ ነው። መቶ አለቃ አሰግድ ከአሰላ ደርሶ ጂፑን ሲያቆም ገዳዩ ታውቆ አልቋል፤ የእርባታው ውሻ ነው ተብሏል። አሳዳጊው ቱሳም የፊጥኝ ታስሮ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። አገሩ ውሻውን በጥይት፣ ሰውየውን በወህኒ ፈርዶ ጨርሷል።

አሰግድ ሬሳውን ገልጦ አየ፤ ምንም አልተሰማውም። ድሮ ይሰማው ነበር።

የተወነጀለው አዲ ጥጃ የሚያክል ነጭ ውሻ ነው። በቡችላነቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከግልገሎች ጋር በረት ውስጥ ስላደገ በጎቹን እንጂ ሰውን ዘመዴ አይልም፤ ሲጠሩትም አይመጣም። አሰግድ ወደ መንጋው ሲጠጋ መሀል ገብቶ በደረቱ መንገዱን ዘጋበት። አልነከሰውም። መቶ አለቃው ወደ ወንዙ ሲያፈገፍግ እየጮኸ ተከተለው፤ ውሃው ዳር ሳይደርስ ግን ዞር ብሎ በጎቹን አየና ተመለሰ። አሰግድ ደግሞ ተጠጋ፣ ደግሞ ተባረረ። ፖሊሶቹ አለቃቸው ከውሻ ጋር እልህ የተጋባ መስሏቸው ተሳሳቁ።

ውሻው ከቱሳ እጅ በቀር ስለማይበላ እንዲያበላው ፈቱት። ቱሳ አብልቶ ሲጨርስ እጁን በአፈር እያሸ ደጋግሞ ታጠበ። የሸዋው ሰው አሰግድ ነገሩ ገርሞት ጠየቀው።

«ምራቁ ነካኝ» አለ ቱሳ። «በአፈር ካልታጠበ አይጠራም። ሶላት አይያዝም።»

«ዛሬ ማለዳ ወንዙን ተሻግሮ ነበር?»

«አኒ ሂንቤኩ፣ አላውቅም። ግን ጅብ እንኳ ሲያባርር ከዚህ አያልፍም። በጎቹን ለማን ጥሎ?»

የሟች ሚስት ሸዋዬ የሌላ ሰው ሞት የምታወራ ይመስል በደረቁ ተናገረች። ባሏ ማልዶ የወጣው ትራክተር የሚገባበትን ወሰን ሊያይ ነው። የቱሳም፣ የእረኞቹ አለቃ የከሊፋም ማሳ እዚያው ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ልቀቁ ተብለዋል።

ሬሳውን ያገኘው ከሊፋ ነበር። ጩኸት ሰምቶ እንደሮጠ፣ የውሻውን መንጋጋ በሁለት እጁ ፈልቅቆ ሰውየውን እንዳስጣለ፣ ሸሚዙም ያኔ በደም እንደተነከረ ተናገረ። ለጎረቤት ጮኾ ነግሮ፣ ቤቱ ገብቶ ልብስ ቀየረ፤ ሰገደም።

አሰግድ የከሊፋን እናት ሀጂራን ደጃፏ ላይ አገኛት።

«እናቴ፣ ከሊፋ ዛሬ በምን ታጠበ?»

«በውሃ ነዋ። እኔው አፍስሼለት ውዱ አደረገ። ልጄ ሶላት አያልፈውም» አለች ኮራ ብላ።

«አፈርስ?»

«ምን ነክቶ? ውሻ ቢነካ ኖሮ ወላሂ መስገጃዬን አላስረግጠውም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በረቱ አጠገብ ሰበሰባቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ይህ ውሻ የሚነክሰው በጎቹን ሲነኩበት ነው፤ አባሮም ይመለሳል። ሰውየው የሞተው ከወንዙ ማዶ ነው፤ በጎቹ ደግሞ ወዲህ ነበሩ። ቁስሉ የተቀደደ ነው፣ እውነት ነው። ጥርስ ያለው ማጭድም ሥጋ ይቀዳል። ታዲያ ውሻው ካልገደለ፣ መንጋጋውን ፈለቀቅኩ ያለው ሰው ደሙን ከየት አመጣው?» ወደ ከሊፋ ዞረ። «እጅህ ምራቅ ውስጥ ገብቶ ቢሆን አፈር ሳታስነካው አትሰግድም ነበር። ውሸቱን ለሰው ተናገርክ፤ ፈጣሪህ ፊት ስትቆም ግን ረሳኸው። እጅህ ውሻ እንዳልነካ ታውቃለህና።»

ከሊፋ በአገጩ ወደ ወንዙ አመለከተ።

«ማጭዱ እዚያ ውስጥ ነው» አለ። «አዮ፣ እናቴ፣ ከዚያ መሬት ወጥታ የት ትወድቃለች? ግዛቸውን ለመንኩት፣ ሳቀብኝ። የሚሞተው ውሻው ብቻ መስሎኝ ነው። በውሻ ሰው ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም።»

ቱሳ ነፃ ነህ ተባለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። የታሰረበትን ቦታ እያሻሸ እዚያው ቆመ።

ሀጂራ ቀስ ብላ ወደ ልጇ መጣች።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩህ።»

«አይደለሽም፣ አዮ። ያየሽውን ነው የተናገርሽው።»

እስከ መኪናው ልሸኘው ብላ ለመነች። አሰግድ መንገዱን ለቀቀላት። እናትና ልጅ በጭቃው ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ልጇ ሲገባ በሩ እንዳይዘው የነጠላውን ጫፍ ሰበሰበችለት፤ የጂፑንም በር ራሷ ዘጋችው።