የአሥራ አምስት ቀን ዝምታ

ሩጫ የጀመርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሩጫን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። የአሥር ሺህ ሜትር ውድድር በሬዲዮ ሲተላለፍ ዳንቴሌን ይዤ ሬዲዮኑ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ኪሮሹ ከእጄ ይወድቃል። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን በስንተኛው ዙር እንደተቀደመ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። ተማሪዎቼ «ስፖርት ጋዜጠኛዋ» ይሉኝ ነበር። እኔው ግን ከቤቴ እስከ አሶሳ ገበያ ያለችውን ትንሽ ዳገት ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፋለሁ።

በ1988 ክረምት፣ በአትላንታው ኦሎምፒክ፣ የእኛዋ ልጅ ማራቶኑን ስታሸንፍ እጅግ ጮኼ አለቀስኩ፤ ጎረቤቴ መርዶ የመጣብኝ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊቴን የለካው ልጅ መሣሪያውን ሁለት ጊዜ አየና «እትዬ፣ የሰው ሩጫ ይብቃዎት፤ የራስዎን ይሞክሩ» አለኝ። ተናደድኩበት። እውነቱን ስለተናገረ ነው የተናደድኩት።

ወለተሥላሴ እባላለሁ። አገሬ ፍኖተ ሰላም ነው። ጂኦግራፊ እንዳስተምር ተመድቤ አሶሳ ስመጣ ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም አልደረቀም፣ ግማሹ ኃላፊ ወንበር አልነበረውም። አንዴ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አደርግ ነበር፤ በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ። የሚሳካለት ጥቂት ነው፤ ግን አለመሙላት ነውር ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ለሥራ ሰነፍ፣ ለብልሃት ፈጣን ነኝና በመጀመሪያው ዓመት አምስት ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሜ ለሠራተኛ አስተዳደሩ ለዲሳሳ ሰጠሁት። «በየዓመቱ ቀኑን እየጻፍክ አስገባልኝ» አልኩት። ዲሳሳ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር። እኔ ረሳሁት፤ እሱ አልረሳም።

የሴት ቱታ በከተማው አልተገኘም። «አልአሚን ይሰፋልሻል» አሉኝ። አልአሚን የበርታ ተወላጅ ነው፤ ገበያው ዳር ከማንጎ ዛፍ ሥር ባለች ሱቅ ልብስ ይሰፋል። አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እሱ ሴት አይለካም። እህቱ ብኸይታ ሜትሩን ይዛ ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጽፋል።

ብኸይታ ወገቤን ለክታ ቁጥሩን ተናገረች። የአልአሚን እርሳስ ቆመ።

«ስንት?» አለ።

ብኸይታ ደገመችለት።

«ወላሂ?»

«አቶ አልአሚን፣ ለድንኳን አይደለም የምንለካው፤ ይጻፉት» አልኩ። ጀርባው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰውን መጀመሪያ የወደድኩት በጀርባው ነው ብል የሚያምነኝ የለም።

የምሮጠው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነበር። ያኔ ማረፊያው ቀይ አፈር ነው። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ዘበኛው ረጀብ ፍየሎቹንና አህዮቹን በዱላ ያባርራል፤ በማይመጣበት ቀን ሜዳው የእኔና የፍየሎቹ ነው። በአዲሱ ቱታዬ የወጣሁ ዕለት ሁለት መቶ ሜትር እንደሮጥኩ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል አልአሚን ጀለቢያውን ሰብስቦ ቆሟል።

«ስፌቱን ለማየት መጣሁ» አለ።

«ደህና ነው፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

«ኡስታዛ፣ በጣም ፈጥነህ ጀመርክ። ቀስ በል።»

አማርኛው እንዲህ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። መምህር ስለሆንኩ «ኡስታዛ» ይለኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

በማግስቱም ስፌቱን ለማየት መጣ። በሦስተኛው ቀንም። ሳምንት ሙሉ የአንድን ሱሪ ስፌት ሲመረምር ከርሞ በስምንተኛው ቀን ለራሱም ሱሪ ሰፍቶ ከጎኔ መሮጥ ጀመረ። ምንም ምክንያት አልሰጠም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እሱ የእግር ኳስ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮው የሱዳኑ ኦምዱርማን ጣቢያ ላይ ተተክሎ ይውላል፤ ቡድኑ ሂላል ከተሸነፈ በዚያ ቀን ቁልፍ እንኳን አይተክልም። ከትምህርት ቤት መልስ ዳንቴሌን ይዤ ሱቁ በር ላይ መቀመጥ ለመድኩ። አረብኛ አልሰማም። እሱ ጨዋታውን ይተረጉምልኛል፣ እኔ ደግሞ ከደብተሬ የአሥር ሺህ ሜትሩን ታሪክ አወራለታለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ የስፌት መኪናው ብቻ ይሰፋል። ያ ዝምታ ደስ ይለኝ ነበር።

በግንቦት ማረፊያውን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ መመላለስ ቻልን። አንድ ቀን መጨረሻው ላይ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ዓርብ መስጊድ እሄዳለሁ። አንተ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ። በሌላው ቀን እንሮጣለን። ሰው እንዲህ መኖር አይችልም?»

«ይችላል መሰለኝ» አልኩ። ፊቴ ከሩጫው ይሁን ከሌላ እንደ እሳት ነደደ። እሱም ሌላ አልጨመረም። ቸኩሎ የሚናገር ሰው አልነበረምና ጊዜ አለን ብዬ ጠበቅኩት።

ሰኔ ላይ ዲሳሳ እየሮጠ ክፍል ድረስ መጣ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ፍኖተ ሰላም ተፈቀደልሽ!» አለኝ። በአራተኛው ቅጽ ነው የተሳካው። ደብዳቤውን አነበብኩት። ዝውውሩን የማይቀበል ሠራተኛ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል።

ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ምን እንደፈለግኩ በደንብ አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው የፈለግኩት፤ «ቅሪ» እንዲለኝ ብቻ።

«አልአሚን፣ ዝውውር መጣብኝ። ወደ አገሬ።»

እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ከመንግሥት ነው?»

«አዎ።»

«ማህተም አለው?»

«አለው።»

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከለ። ከዚያ «እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን ይባላል» አለና ጎንበስ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

እንዴት እንደተቃጠልኩ! ራሴ ፈርሜ የጠየቅኩት ነው፣ ልመልሰው እችላለሁ ብዬ ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። ግን ምን ብዬ? በየዓመቱ ከአንተ አገር ለመሸሽ እለምን ነበር ልበለው? አፈርኩ። ደግሞም ኮራሁ። አርባ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት «ቅሪ በለኝ» ብላ ትለምናለች? እሱ ከፈለገኝ ይናገር አልኩ።

አሥራ አምስቱን ቀን ሮጥን። በየማለዳው ይመጣል፣ ከጎኔ ይሮጣል፣ አይናገርም። በሰባተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ማረፊያው ጭቃ ሆኖ ሁለታችንም ተንሸራተን ወደቅን። እጁን ሰጥቶ አነሳኝና ትንሽ ቆይቶ ለቀቀው። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። «ጫማህን እጠብ» አለኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ዲሳሳ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ፤ የእምቢታ ደብዳቤዬን ጽፌ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ዲሳሳ ቀና ብሎ «ናፍቆት ገደለሽ አይደል? አይዞሽ፣ ደረሰ» አለኝ። ደብዳቤውን ሳላወጣ ተመለስኩ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማለዳ መናኸሪያ አውቶብሱ ላይ ተቀምጫለሁ። አልአሚን በመስኮቱ በኩል በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። አዲስ ቱታ ነው።

«አገርህ ደጋ ነው አሉኝ። ወፍራም ጨርቅ ነው።»

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርክም!»

«ምን ልናገር?»

«ቅሪ በለኝ!»

ተገርሞ አየኝ። «መንግሥት ሂድ ብሎ አዝዞህ እኔ ቅር ልበልህ? የብኸይታ ባል በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት መጣለት። አልሄድም አለ። ሦስት ዓመት አሰሩት። ያን ነገር አንተ ላይ ላምጣ?»

«ትእዛዝ አይደለም፣ አልአሚን። እኔው ነኝ ድሮ የጠየቅኩት። መመለስ ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር?»

«አሥራ አምስት ቀን ሰጥተውኝ ነበር።»

«ስንት ቀረው?»

«ትናንት አለቀ።»

እጁን ከመስኮቱ ላይ አነሳ። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ልውረድ አልኩ፤ አልወረድኩም። እስከ ባምባሲ ድረስ ልውረድ እያልኩ ሄድኩ።

ፍኖተ ሰላም እንደ አገሬነቷ ተቀበለችኝ። ወንድሜ አስማማው ቤት ሰጠኝ፣ ዘመድ ጠየቀኝ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ወንበር ሰጠኝ። ማለዳ በባሕር ዳሩ መንገድ እሮጣለሁ። ትንፋሼ ተስተካክሏል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሄዳለሁ። ግን ከግራዬ የሚሮጥ ሰው ያለ እየመሰለኝ ቦታ እተውለት ነበር። ማምሻውን የሬዲዮኑን ቁልፍ እያሽከረከርኩ ኦምዱርማንን እፈልጋለሁ። ከጩኸቱ መሐል «ሂላል» የሚለውን ብቻ ለይቼ እሰማለሁ። ካሸነፈ ዛሬ ቁልፍ ይተክላል ብዬ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ውድድር እንኳን ማዳመጥ ተውኩ፤ ደብተሬ ላይ ከሰኔ በኋላ የተጻፈ ሰዓት የለም።

ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር። የእኔ አራት ገጽ ነው። የእሱ «ጤና ነኝ። እሮጣለሁ። ብኸይታ ሰላም ትልሃለች» ይላል። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ አነብባቸዋለሁ።

አስማማው ነገሩ ገባው። «ሰው አጥተሽ ነው እስከ አሶሳ፣ ያውም እስላም?» አለኝ።

«አላጣሁም። ያገኘሁትን ነው የጣልኩት።»

አንድ ወር አኮረፈኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አሶሳ ሲወራ ዝም ማለት ጀመረ፤ ከአስማማው ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በታኅሣሥ ወደ አሶሳ ልዛወር ብዬ ቅጽ ሞላሁ። የሠራተኛ አስተዳደሯ ቤዚ የምትባል ወጣት ናት፤ ቅጹን አይታ ጓደኞቿን ጠራች። ከዚያ ልውጣ የሚል እንጂ እዚያ ልግባ የሚል አይታ አታውቅም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጋብቻ» ብዬ ጽፌአለሁ።

«ማስረጃ አያይዢ» አለችኝ። «አለበለዚያ ከጥር ሃያ በኋላ አይያዝም።»

ማስረጃ ከየት ላምጣ? ቃል እንኳን ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ «ሰው እንዲህ መኖር አይችልም?» የሚለውን እንደሆነ ማህተም የሚመታበት የለም። ለአልአሚን ጻፍኩለት። ጋብቻ ብዬ ጻፍኩ፣ ሳልጠይቅህ በመጻፌ ይቅርታ፣ ማስረጃ ካልመጣ ቅጹን ይመልሱታል፣ አልኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ አልመጣም። ደፍሬ አበላሸሁት ብዬ አለቀስኩ።

ጥር ሃያ ቀን ቅጼን ልወስድ ቤዚ ፊት ቆምኩ።

«አላመጣሽም?» አለችኝ። ማዘኗ ያስታውቃል።

«አልመጣም።»

«መጣ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር አልኩ። አልአሚን ነው። ራሱ የሰፋው ኮት ለብሷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። በነቀምት አድርጎ በቡሬ በኩል ሦስት ቀን ተጉዟል።

«ምኑ ነው የመጣው?» አለች ቤዚ።

«ማስረጃ ጠርታችሁ ነበር። እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ማስረጃ እኮ ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱን የት ይሰጣሉ?»

«ማዘጋጃ ቤት። እዚያ ማዶ።»

«እሺ፣ እናመጣለን» አለና ወደ እኔ ዞረ። ቢሮው በሙሉ ሥራውን ትቶ ያየናል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አይናገርም ብዬ ነበር።

«ኡስታዛ፣ ያን ጊዜ መንግሥት ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን እኔ ነኝ የምለው። ተመለስ። ከእኔ ጋር ኑር።»

«እሺ» አልኩት።

ቤዚ ቅጹን ሳትመልስልኝ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው።