ከነስረዲን ክንድ የተወሰደው ቆዳ

ፊርዶስ ለነስረዲን የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ስለምትወደው። ምን ዋጋ አለው፣ ውሸት ውሸት ነው።

ነስረዲን የደሴ ልጅ፣ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ዓይደር አካባቢ እሷ ነርስ ወደሆነችበት ክሊኒክ መጣ። ቁስሉን ስትጠርግለት «ጥፋቱ የደረጃው ነው፣ እኔን ለምን ትቀጪኛለሽ?» አላት። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ቁስል ሳይኖረውም ይመጣ ጀመር።

እግሩ ግን በየወሩ እየከበደው ሄደ። ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ጀምሮት ነው የሞተው። የነርቭን ሽፋን፣ ማይሊን የሚሉትን፣ እየላጠ የሚጨርስ የዘር በሽታ ነው ተባለ።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ገብረዝጊ አንድ ቀን ጠራት። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የእንዲህ ያለ ታማሚ ቁራጭ ቆዳ ይፈልጋሉ። ቆዳውን ወደ ስቴም ሴል፣ ገና ምንም ወዳልሆነ ጥሬ ሕዋስ ይመልሱትና ማይሊን የሚሠራ የአንጎል ሕዋስ ያደርጉታል። ከዚያ በሽታው ከየት እንደሚጀምር ያያሉ።

«ለጥናት እንጂ ለሕክምና ኣይደለም» አላት። «ያንቺ ኣማርኛ ይሻላል፣ ሓፍተይ፤ ሓደራ በደንብ ኣስረጂው።»

ቤቱ ስትደርስ ሻንጣውን ሸክፎ አገኘችው።

«ደሴ ልሄድ ነው» አላት። በእጇ የያዘችውን የጥናቱን የፈቃድ ወረቀት አየና «ይሄ ያድነኛል?» ሲል ጠየቃት።

ደሴ እናቱ ጉያ ከገባ አይመለስም ብላ ፈራች።

«ተስፋ አለው» አለች።

ቀረ። ከክንዱም ቁራጭ ቆዳ ተወሰደ። ደስታዋ ግን አንድ ወር አልሞላም፤ «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ የምልከው በደህና እግሬ ነው፣ ወላሂ። ውጤቱ ይምጣ» አላት። በየሳምንቱ «መጣ?» ይላል፤ እሷ «ገና» ትላለች። በአንድ ምርኩዝ ጀመረ፣ ሁለት ሆነ።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። ሕዋሳቱ በቅለዋል። ዶክተሩ ደስ ብሎት አነበበላት። ፊርዶስ ግን በዚያው ቀን ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ነስረዲን የተከራየበት ክፍል ገብታ ሁሉንም ነገረችው።



«እንድቀር ነው የዋሸሽኝ?» አላት።

«እንድትቀርልኝ ነው።»

«ፊርዱ፣ ያን ሻንጣ እኮ የሸከፍኩት ሽማግሎቼን ከደሴ ላመጣ ነበር። እውነቱን ብትነግሪኝ በሳምንቱ አባትሽ ደጅ ነበሩ።»

እንባዋ ወረደ። «አሁንም ላካቸው።»

«አሁንማ ሚስት ሳይሆን አስታማሚ መጠየቄ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሳምንቱ እህቱ ዙሀራ መጥታ ወሰደችው።

በ2012 ዓ.ም. ሌላ ደብዳቤ መጣ። ፊርዶስ ደሴ ደወለች።

«መናገር ትቷል» አለች ዙሀራ። «መስማት ግን ይሰማል። አብሽሪ፣ ጆሮው ላይ ላድርግልሽ።»

ፊርዶስ ቀስ ብላ አነበበች። በእሱ ሕዋሳት ላይ ማይሊኑ መጀመሪያ የሚጎዳበትን ቦታ አይተዋል። ብዙ ይቀራል፤ ለማንም የሚሆን መድኃኒት ገና የለም። ቆዳውን የሰጠውን ሰው አመስግኑልን ይላል።

«ነስሩ» አለችው፣ «ይሄኛው እውነት ነው።»

ትንፋሹ ብቻ ይሰማት ነበር። ዙሀራ ስልኩን እስክትወስድ ድረስ ጠበቀች።